ሀክ የቀደደው ደብዳቤ፣ ሂካ የተረጎሙት ደብዳቤ

የማርክ ትዌይንን «ቶም ሶየር» ወለጋ ውስጥ ሆኖ የሚያነብ ልጅ መጀመሪያ የሚስቀው በታወቀው የአጥር ቀለም አይደለም። ኖራ የተቀባ የሳንቃ አጥር በኛ ኡኬ ብርቅ ነው፤ ነቀምቴም ቢሆን የሚበዛው የእንጨትና የቆርቆሮ ነው። የሚስቀው በሰንበት ትምህርት ቤቱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ 2,000 የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በቃሉ የያዘ ልጅ መጽሐፍ ቅዱስ ይሸለማል። ለሁለት ጥቅስ አንድ ሰማያዊ ካርድ ይሰጣል፤ 10 ሰማያዊ አንድ ቀይ፣ 10 ቀይ አንድ ቢጫ፣ 10 ቢጫ ደግሞ መጽሐፉን ያስገኛል። ቶም ጥቅስ ማጥናት ሞቱ ነው። ስለዚህ ጓደኞቹን አጥር እያስቀባ የሰበሰበውን ኮተት በካርድ ይለውጥና በሰው ሁሉ ፊት ሰተት ብሎ ወጥቶ ሽልማቴን ይላል። በእንግድነት የመጡት ዳኛ ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እነማን ናቸው ብለው ሲያፋጥጡት፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ዳዊትና ጎልያድ ናቸው ብሎ ዐረፈው።

ጥቅስ በቃል ማጥናት ዕለታዊ ነገር በሆነበት አገር ይህ ታሪክ ማብራሪያ አይፈልግም። የኛ ሽልማት እርሳስና ደብተር ነበረ እንጂ ካርድ አልነበረም። ካርድ ቢኖርማ ኖሮ ገበያው ይደራ ነበር!

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ወለጋ ድረስ እንዴት መጣ ለሚል መልሱ እንግሊዝኛ ነው። በ1962 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከ270 በላይ አሜሪካውያን የሰላም ጓድ ወጣቶች ኢትዮጵያ ገቡ። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሆነው በየክፍለ ሀገሩ ተበተኑ፤ ነቀምቴም ደረሳት። ከአዲስ አበባ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው ከተማ ልጆች የእንግሊዝኛ ንባብ የሚለማመዱት በነዚያው አሜሪካውያን አንደበት ሆነ። እኔ የዚያ ትውልድ አይደለሁም፤ ከኋላ የመጣሁ ነኝ። ከኡኬ ወጥቼ ነቀምቴ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ የደረሰኝ በቀላል እንግሊዝኛ የታጠረ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ ስስ «ቶም ሶየር» ነበር። በሁለት ማታ ጨረስኩት። ከዓመታት በኋላ ሙሉውን አገኘሁ፤ ከዚያም ተከታዩን፣ «ሀክልቤሪ ፊን»ን። አሁን የምጽፈው ስለ ሁለቱም ነው፤ ይልቁንም ሁለተኛው እኛ ነቀምቴዎች ደጅ ድረስ መጥቶ ስለሚያንኳኳው ነገር።

መጀመሪያ ወደ አጥሩ ልመለስ። ቶም ሥራውን ሊያሸክመው የሚሞክረው የመጀመሪያው ሰው ማን እንደሆነ ልብ የሚል አንባቢ ጥቂት ነው። ጂም የሚባል ትንሽ ጥቁር ልጅ ነው፤ ባልዲ ይዞ ውኃ ሊቀዳ ሲሄድ ነው ቶም የሚያስቆመው። ብይ ይሰጠዋል፣ የቆሰለ የእግሩን ጣት ሊያሳየው ይስማማል፤ ጂም ሊረታ ሲል አክስት ፖሊ ጫማቸውን ይዘው ይደርሳሉ። ልጁ ባልዲውን ይዞ ይሮጣል። ገጹ ያስቃል። ግን ቶም ቅዳሜውን ከተለቀቀ ነፃ ነው፤ ያ ውኃ ቀጂ ልጅ ቅዳሜም ሆነ ሰኞ የሌላ ሰው ንብረት ነው። ዘመኑ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሳይነሳ፣ ቦታው ባርነት ሕጋዊ የሆነበት ሚዙሪ ነው። ትዌይን «ቶም ሶየር»ን ያሳተመው በ1876 ነው፤ ባርነት በሕገ መንግሥት ከተከለከለ ከ11 ዓመት በኋላ። መጽሐፉ ግን ይህን ነገር እንደ ግድግዳ ቀለም ከኋላ ትቶት ያልፋል።

በዚያው በ1876 ሂካ የሚባል አንድ የኦሮሞ ወጣት ከምፅዋ ተነስቶ ወደ ስዊድን ሄደ፣ ሊማር።

ሂካ የተወለደው በ1850ዎቹ አጋማሽ ገደማ፣ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ ነው። አባቱ የሞተው አራት ዓመት ሲሆነው ነው። በ1869 ሰው ሌቦች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ስምንት ጌታ ተፈራረቀበት፤ ስምንት! በመጨረሻ በ1870 ምፅዋ ላይ የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንሲንገር ነፃ አወጣውና እምኩሉ የሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 የፋሲካ ዕለት ተጠመቀ። ኦነሲሞስ የሚለው ስምም የመጣው ከዚህ ነው፤ ዛሬ የምናውቃቸውም ኦነሲሞስ ነሲብ ተብለው ነው። ስለ ልጁ ስናገር አንተ ብዬ ነበር፤ ከዚህ በኋላ አንቱ ነው።

ስሙን ቆም ብለን እንየው። ሂካ በኦሮምኛ ፈቺ፣ ተርጓሚ ማለት ነው። ኦነሲሞስ ደግሞ በግሪክ ጠቃሚ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ የተባለው ሰው ስም ነው። አናሲሞስ ከጌታው ከፊልሞና ቤት የወጣ ባሪያ ነው። ጳውሎስን እስር ላይ አግኝቶት አመነ። ጳውሎስም ደብዳቤ ጽፎ ወደ ጌታው መለሰው፤ ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው ብሎ ለመነለት። ደብዳቤው አንዲት ምዕራፍ ብቻ ናት። ፊልሞና ምን አደረገ? ደብዳቤው አይነግረንም።

ይቺ አጭር ደብዳቤ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጉድ ሠርታለች። የባሪያ ጌቶች ሰባኪዎች ኮብላይ ባሪያ ወደ ጌታው መመለስ አለበት፣ ይኸው ጳውሎስ ራሱ መልሷል እያሉ ይሰብኩባት ነበር፤ በ1850 ኮብላዮችን የሚያስመልሰው ሕግ ሲወጣም ዋና መከራከሪያቸው ሆነች። ቻርለስ ኮልኮክ ጆንስ የሚባል ቄስ በ1830ዎቹ ጆርጂያ ውስጥ ለባሪያዎች በዚሁ ደብዳቤ ላይ ቆሞ መኮብለልን ሲያወግዝ የደረሰበትን ራሱ ጽፎታል፤ ከጉባኤው ግማሹ ተነስቶ ጥሎት ወጣ። ከቀሩት መካከልም እንዲህ ያለ መልእክት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም ብለው ፊት ለፊት የተሟገቱት ነበሩ። ማንበብ በተከለከሉ ሰዎች አፍ ይህ ቀላል ሙግት አይደለም።

የትዌይን ልጅነት በዚህ ስብከት የተሞላ ነው። ትክክለኛ ስሙ ሳሙኤል ክሌመንስ ነው፤ የተወለደው በ1835 ሲሆን ያደገው ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለችው ሃኒባል ከተማ ነው። በልጅነቱ ባርነት ስህተት ነው ያለው ሰው እንዳልነበረ፣ መድረኩ ላይ የቆሙትም እግዚአብሔር የፈቀደው ነገር ነው ይሉ እንደነበር በስተርጅና ጽፏል። በአጎቱ እርሻ ላይ ተረት የሚነግሩት አንድ አዛውንት ባሪያ ነበሩ፤ በኋላ የ«ሀክልቤሪ ፊን»ን ጂም የቀዳው ከሳቸው ነው። (ይህኛው ጂም ሌላ ነው፤ ከውኃ ቀጂው ልጅ ጋር እንዳይምታታ። ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ሙሉ ሰው ነው።) ሀክን ደግሞ የቀዳው የሰፈሩ ሰካራም ልጅ ከነበረው ቶም ብላንከንሺፕ ነው። የዚህ ልጅ ታላቅ ወንድም በ1847 አንድ ኮብላይ ባሪያ በወንዙ ደሴት ላይ ተደብቆ አግኝቶ ለሳምንታት በድብቅ ምግብ ያመላልስለት ነበር። የጠቆመ 50 ዶላር ይሸለማል ተብሎ ነበር፤ ለዚያ ድሃ ቤተሰብ ትልቅ ገንዘብ ነው። አልጠቆመም። ኋላ ሌሎች ሰዎች ደርሰውበት ሲያሳድዱት ሰውየው ውኃ ውስጥ ቀረ።

እንግዲህ «ሀክልቤሪ ፊን» (አሜሪካ ውስጥ የታተመው በ1885 ነው) የዚያ ምግብ ማመላለስ ልብ ወለድ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። ጂም እመቤቱ በ800 ዶላር ወደ ኒው ኦርሊንስ ልትሸጠው መሆኑን በጆሮው ሰምቶ ይኮበልላል። ሀክም ከሰካራም አባቱ ዱላ አምልጧል። ሁለቱ ግንድ ተጋምዶ በተሠራ ተንሳፋፊ ላይ ሆነው በወንዙ ይወርዳሉ። ሀክ በመንገድ ላይ ጂምን ያታልለዋል፤ በጉም ተለያይተው ካደሩ በኋላ ተመልሶ፣ የት ተለየሁህ፣ አልመህ ነው ይለዋል። ጂም ነገሩ ሲገባው ያዝናል፤ አንተ ጠፋህ ብዬ ልቤ ሲሰበር አንተ የምታስበው እንዴት እንደምታሞኘኝ ነበር ወይ የሚል ቃል ይናገራል። ሀክ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ከራሱ ጋር ታግሎ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቀዋል። ለባሪያ!

እዚህ ላይ እንግሊዝኛው የሚደብቀውን አማርኛ ያጋልጠዋል። ይህን ምዕራፍ ለራሴ ስል ወደ አማርኛ ለመመለስ ስቀመጥ ከመጀመሪያው አረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ የሁለት ልጆች አባት የሆነውን ሰው ምን ብሎ ይጥራው? በኛ ወግ ጋሼ ጂም ነው፣ በኦሮምኛውም ኦቦ ጂም፤ አንቱ እንጂ አንተ አይባልም። በሚዙሪ ወግ ግን ባሪያ እስከ ሽበቱ ልጅ ነው። አንተ ብዬ ብተረጉመው የአማርኛ አንባቢ ሀክን ባለጌ ይለዋል፤ አንቱ ብለው ደግሞ ባርነቱ ይጠፋል። ለጊዜው ያገኘሁት መፍትሔ ይቅርታ እስኪጠይቅ አንተ፣ ከይቅርታው በኋላ አንቱ ማድረግ ነው። ይህ ትርጉም ይሁን ጣልቃ ገብነት እስካሁን አልቆረጥኩም። ሌላው ጣጣ ደግሞ ትዌይን ከ200 ጊዜ በላይ የደጋገመው ያ ለጥቁር ሰው የሚወረወር ስድብ ነው። አማርኛው ዝግጁ ቃል አለው፤ ችግሩም እሱ ነው። ቃሉ እኛ ዘንድ ገና ሰው ያቆስላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ የሚቀር ቃል አይደለም።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ወደ መጨረሻው ግድም ጂም ይያዛል፤ አብሯቸው ይጓዝ የነበረ አጭበርባሪ በ40 ዶላር አሳልፎ ሸጦታል። ሀክ ሕሊናው ይወቅሰዋል። የሚወቅሰው ጂምን ስላላዳነ አይደለም፤ የሰው ንብረት በመስረቁ ነው፤ የተማረው እንደዚያ ነውና። ለመጸለይ ይሞክራል፤ እምቢ ይለዋል። በመጨረሻ ወረቀት አንስቶ ለጂም እመቤት ባሪያሽ እዚህ ቦታ ነው ያለው ብሎ ይጽፋል። ወዲያው ቅልል ይለዋል። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጦ ጂምን ያስባል፤ ሌሊት በሱ ተራ እንዴት እንደሚነቃለት፣ እንዴት እንደሚንከባከበው። ወረቀቱን ይቀደዋል፤ ገሃነም ልገባ እችላለሁ፣ ልግባ ብሎ።

ይህን ያነበብኩ ማታ ትዝ ያለኝ ፊልሞና ነው። ኮብላዩን ለጌታው የሚያስታውቅ ደብዳቤ። ትዌይን የጳውሎስን መልእክት አስቦ ጻፈው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ማስረጃም አያስፈልገኝም። ደብዳቤዋ ልጁ ባደገበት አየር ውስጥ ነበረች። ከተማው በሙሉ ጳውሎስን እያነበበ ባሪያ ሲመልስ፣ ሀክ ደብዳቤውን ጽፎ ራሱ ቀደደው።

ኦነሲሞስ ግን ሊቀዱት አልቻሉም፤ መተርጎም ነበረባቸው። እምኩሉ ተቀምጠው አዲስ ኪዳንን ወደ ኦሮምኛ መልሰው በ1893 ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ወጣ፣ በግዕዝ ፊደል። ስለዚህ አንድ ቀን፣ ስምንት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ሰው ጠረጴዛው ላይ የፊልሞናን መልእክት ዘርግቶ፣ የራሱን ስም አንብቦ፣ ጌታውን የሚለምንለትን ዐረፍተ ነገር በእናቱ ቋንቋ ጻፈ። እኔ በዓለም ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ይህን የሚያህል የተርጓሚ ሰዓት አላውቅም። ፈቺ ተብሎ የተወለደ፣ ጠቃሚ ተብሎ የተጠመቀ ሰው፤ ሁለቱ ስሞቹ ያን ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ተገናኙ።

ብቻቸውንም አልሠሩትም። አስቴር ጋኖ አብረዋቸው ነበሩ። አስቴር በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት የወደቁ፣ በ1886 ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ በጀልባ ሲወሰዱ የጣሊያን መርከቦች አስጥለው እምኩሉ ያደረሷቸው ሴት ናቸው። ትንሽ ሆነው ከአገራቸው ቢወጡም ቋንቋው በራሳቸው ውስጥ ተከማችቶ ነበር። ወደ 500 የሚሆን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን ከትውስታቸው ጻፉ። ከዚያ ብዙው በ1894 ሁለቱ ባወጡት የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ሮም ውስጥ የታተመው በ1908 መሆኑን ስናስብ፣ የተሸጡት ሁለቱ ልጆች የኦሮምኛን ተረት 14 ዓመት ቀድመው ለንባብ አብቅተውታል።

የተረት ጀግኖቻችንስ እነማን ናቸው? ቀበሮ፣ ጦጣ፣ ጥንቸል፤ አንበሳውን የሚያሞኙ ትንንሾች። ቶም ሶየር ከዚህ ዘር ነው። ግን አንድ ልዩነት አለ። የጦጣ ተንኮል ትንሹ ትልቁን የሚያመልጥበት ነው፤ ቶም በ«ሀክልቤሪ ፊን» መጨረሻ የሚሠራው ተንኮል ትልቁ ትንሹን የሚጫወትበት ነው። ጂም ጎጆ ውስጥ በሰንሰለት ታስሯል። በር ሰብሮ ማውጣት ይቻላል። ቶም ግን ጀብዱ እንዲመስል ካላነበብኩት መጽሐፍ ጋር አይመሳሰልም ይላል፤ ጂም ከእባብና ከአይጥ ጋር እንዲያድር፣ በድንጋይ ላይ እንዲጽፍ፣ ለሳምንታት እንዲሰቃይ ያደርጋል። በመጨረሻ የሚገለጠው ምንድን ነው? የጂም እመቤት ከሞተች ሁለት ወር ሆኗታል፤ በኑዛዜዋም ነፃ አውጥታዋለች። ቶም ይህን ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። ለጨዋታ ነው የደበቀው። ለጥሩ እስረኝነቱም 40 ዶላር ይከፍለዋል፤ አጭበርባሪው የሸጠበት ዋጋ ልክ።

አሜሪካውያን ሐያሲዎች ይህ መጨረሻ መጽሐፉን ያበላሸዋል እያሉ ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። ሃሳባቸው ይገባኛል፤ ለኔ ግን እውነቱ እዚያው ነው። ነፃነት ተጽፎ ተቀምጦ፣ የሚያውቁት ደብቀውት፣ ባለቤቱ ታስሮ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ይህንን ለማወቅ ሚዙሪ መሄድ አያስፈልግም።

ምክንያቱም ወለጋ የተሸጡ ሰዎች አገር ብቻ አልነበረም፤ የሸጡና ያሠሩ ሰዎችም አገር ነበር። ከኡኬ ቁልቁል ወደ አንገር ቆላ ሲወረድ የጉሙዝ አገር ነው። ወደ ምዕራብ በርታዎች አሉ። ከሁለቱም ሕዝብ ሰው ይታፈን፣ ይሸጥ፣ ለግብርም ይሰጥ ነበር፤ የቤንሻንጉሉ ሼኽ ሖጀሌ ስም በ1920ዎቹ ከዚሁ ንግድ ጋር ተያይዞ ይነሳል። በልጅነቴ ትልልቆች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የእገሌ ቤት ሰው ነው ሲሉ፣ ቤት የሚለው ቃል ምን እንደሚሸፍን ማንም አላስረዳኝም። ያስረዱኝ መጻሕፍት ናቸው፤ አንዱም ይኸው የአሜሪካ የረባሽ ልጆች መጽሐፍ ነው። ኦነሲሞስን የኛ ነው ብለን ስንኮራ ራሳችንን በሂካ ቦታ ማስቀመጥ ይቀናናል። በጂም እመቤት ወንበር የተቀመጠ ቅድመ አያት ያለው ግን እንደኔው ብዙ ሰው ነው።

ኦነሲሞስ ወደ ወለጋ ለመድረስ ብዙ ለፍተዋል። በ1881 በሱዳን በኩል ሞክረው ከድንበር ተመለሱ፤ ሌላም ጊዜ ሞክረው አልተሳካም። የደረሱት በ1904 ነው፣ ከተነጠቁ ከ35 ዓመት በኋላ፣ አስቴርም አብረዋቸው። ነቀምቴ ላይ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞሮዳ) በክብር ተቀበሏቸው። በኦሮምኛ ማስተማር ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ክስ መጣ፤ በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፣ እንዲሰደዱም ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው፣ ነቀምቴ ይመለሱ ግን አያስተምሩ አሉ። የተከለከሉት መኖርን ሳይሆን ማስነበብን ነው። የኮንኮርድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በ1885 «ሀክልቤሪ ፊን»ን ከመደርደሪያው እንዳወጣው ሳነብ በዚህ ነው ፈገግ ያልኩት፤ የሁለቱ ዓይነት ፍርሃት አንድ ነውና። ለኦነሲሞስ ፈቃድ የመጣው በ1916 ከልጅ ኢያሱ ነው። ኢያሱ ከዙፋን ሲወርዱም ፈቃዱን የሻረው አልነበረም፤ ሽማግሌውም እስከ ዕለተ ሞታቸው አስተማሩ፣ መጽሐፎቻቸውን አደሉ።

ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባሪያዎችን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጡ አዋጆች ወጡ። ኦነሲሞስ ነሲብ በሰኔ 1931 ነቀምቴ ላይ ሲሞቱ አገሪቱ ውስጥ ገና ጌታ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ባርነትን ጨርሶ የከለከለው አዋጅ የወጣው በነሐሴ 1942 ነው። አስቴር ጋኖ እስከ 1960ዎቹ ኖረዋል፤ እሳቸው አይተውታል።